ጠፍ ነው ወይስ እዳሪ?

አንድ ሰው ከአያቱ የወረሰውን የእርሻ መሬት ማረስ ቢያቆም፣ ትራክተሩንና የወተት ላሞቹን ቢሸጥ፣ ማሳውንም እሾህና ቁጥቋጦ እስኪወርሰው ድረስ ቢተወው ምን ትሉታላችሁ? አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ወይም የገበሬ የልጅ ልጆች ነንና መልሱ አፋችን ላይ ነው። ሰነፍ እንለዋለን። ከዚያም አልፈን አላህ የሰጠውን ኒዕማ የማያውቅ እንለዋለን። ይኸው ሰው በዚህ ሳያበቃ ከከተማ የሚመጡ ሰዎችን ገንዘብ አስከፍሎ፣ በዚያው በተተወው መሬት ላይ በእግራቸው እያዞረ እሾሁን፣ ቢራቢሮውንና የከብቱን እበት ሳይቀር እንደሚያስጎበኝ ብንሰማስ? መቼም ሳቃችን መምጣቱ አይቀርም።

ነገሩ ግን ተረት አይደለም። ቦታው በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተደቡብ፣ በዌስት ሳሴክስ ግዛት የሚገኝ ኔፕ የሚባል ርስት ነው። ስፋቱ 1,400 ሄክታር ገደማ ሲሆን በአባቶቻችን አቆጣጠር 35 ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። ከ200 ዓመታት በላይ በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆይቷል። የአሁኑ ባለርስት ቻርሊ በሬል እ.ኤ.አ. በ1987 ከአያቶቹ ሲረከበው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ነበር። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ዘመናዊ መሣሪያ ገዛ፤ ማዳበሪያና ፀረ አረም ተጠቀመ፤ የወተት ከብቶቹን አሻሻለ፤ አይስክሬም አምርቶ እስከ መሸጥ ደረሰ። ትርፉ ግን ዕዳ ሆነ። ምክንያቱ አፈሩ ነው። የኔፕ አፈር እኛ መረሬ የምንለው ዓይነት ከባድ የሸክላ አፈር ነው። ዝናብና ብርድ በሚበረታበት ወራት እንደ ገንፎ ይላቁጣል፤ በበጋው ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። የዚያ አገር አሮጌ ቋንቋ ለጭቃ ብቻ ከ30 በላይ ስሞች ነበሩት ይባላል። ይህን መሬት ለም ከሆነው ሜዳ ጋር አወዳድሮ በስንዴ ዋጋ መፎካከር ውሃን በወንፊት እንደመቅዳት ነበር።

ስለዚህ በ2000 ባለርስቱ ላሞቹንና መሣሪያውን ሸጠ። በ2001 ከመንግሥት ባገኘው ድጎማ በቤቱ ዙሪያ ካለው ሜዳ ጀምሮ መሬቱን ወደ ዱርነት የመመለሱን ሥራ ተያያዘው። በማሳዎቹ መካከል የነበሩት አጥሮች ተነሡ፤ ዙሪያው ግን ታጠረ። ከውስጡ ቀንደ ረጃጅም የሆኑ የጥንት ዘር ከብቶች፣ ኤክስሙር የሚባሉ ድንክ ፈረሶች፣ አጋዘኖችና ታምዎርዝ የሚባሉ ቀያይ ዐሳማዎች ተለቀቁ። ከዚያ ወዲያ ማን የት ይጋጥ፣ ምን የት ይብቀል የሚለው ለእነርሱ ተተወ። ሚስቱ ኢዛቤላ ትሪ ጸሐፊ ናትና የሆነውን ሁሉ በ2018 በታተመ መጽሐፍ ተርካዋለች።

የሆነውስ ምንድን ነው? በመጀመሪያ የሆነው የጎረቤት ቁጣ ነው። ማሳው በአረም ተሞላ። ጎረቤቶች የቁጣ ደብዳቤ ጻፉ። እውነታቸውን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ በባሕር ተከባ ስለነበር እያንዳንዱ ባዶ መሬት ለምግብ እንዲታረስ ታዝዞ፣ የኔፕ የመናፈሻ ሜዳ ራሱ ታርሶ ነበር። ያንን ረኃብ የሚያስታውስ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ሰው ኮሸሽላ የወረሰውን ማሳ ሲያይ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ስለ ኮሸሽላው ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዓመት ወደ ዓመት እየተስፋፋ ሄዶ ባለርስቱን ራሱን ካስጨነቀው በኋላ፣ በ2009 ከሰሜን አፍሪካ አቅጣጫ ባሕር ተሻግረው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቢራቢሮዎች ወደ እንግሊዝ ገቡ። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ኮሸሽላ ላይ ነው። አባጨጓሬዎቻቸው የኔፕን ኮሸሽላ ቅጠሉን ግጠው አጥንቱን አስቀሩት፤ በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ጠራ። ማንም የላካቸው የለም፤ ማለት፣ ከሰው የላካቸው የለም።

ቀስ በቀስ ሌላውም መጣ። ጄይ የምትባል የቁራ ዘመድ ወፍ ለብርዱ ወራት ስንቅ ብላ የኦክን ፍሬ በየቦታው ትቀብራለች፤ አንዷ በአንድ ወቅት በሺህ የሚቆጠር ትቀብራለች። የምትረሳው ወይም የምትተወው ይበቅላል። አጋዘንና ፈረስ እንዳይበላው የሚጠብቀው ማን ነው? ያ የተናቀው እሾህ ነው። እሾሁ እንደ አጥር ሆኖ ችግኙን ያሳድገዋል። የጥንት የእንግሊዝ ደን ጠባቂዎች ይህን ያውቁ ስለነበር እሾህን የኦክ እናት ይሉት ነበር። እርጥብ በሆነው ባዶ ማሳ ላይ የአኻያ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ በዛ፤ አባጨጓሬው ቅጠሉን የሚመገብ ብርቅ የሆነ ሐምራዊ ቢራቢሮ ተከትሎት መጣ፤ ዛሬ በብሪታንያ ትልቁ መንጋው ኔፕ ይገኛል። በአገሪቱ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የጠፋው ዋኖስ እዚያ ይሰማል። ዐረቦች ዐንደሊብ የሚሏት በሌሊት የምታዜመዋ ወፍም በቁጥቋጦው ውስጥ በዛች። በ2020 ደግሞ ሽመላ በኔፕ ኦክ ላይ ጫጩት ፈለፈለ። በብሪታንያ ሽመላ በነፃነት ጎጆ ሠርቶ ጫጩት ስለመፈልፈሉ ከዚያ በፊት የተመዘገበው በ1416 በኤድንበራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። በኔፕ አጠገብ ያለችው ስቶሪንግተን የምትባል ትንሽ ከተማ ስሟ ከሽመላ የተገኘ ነው ይላሉ። ወፉ ሄዶ ስሙ ብቻ ስድስት መቶ ዓመት ጠብቆታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉብኝቱ እንምጣ። ከ2014 ጀምሮ ሰዎች በትንሽ በትንሽ ቡድን እየሆኑ፣ የዕፅዋትና የእንስሳትን ነገር የተማረ መሪ ከፊታቸው እየሄደ፣ በዚያ ርስት ውስጥ ለሰዓታት ይመላለሳሉ። ጉዞው እንደ ወቅቱ ነው። በጸደይ ሌሊት ዐንደሊብን ለመስማት፣ በበጋው አጋማሽ በኦክ አናት ላይ የሚበረውን ሐምራዊ ቢራቢሮ ለማየት፣ በመከር ወራት የወንድ አጋዘን ጩኸት ለማዳመጥ ይኬዳል። መሪው ያስቆምና እበት በእንጨት ይገለብጣል። ባለርስቱ በአንድ የላም እበት ውስጥ ብቻ 23 ዓይነት ጥንዚዛ ቆጥሯል። ለምን በዛ ቢባል ከብቶቹ የትል መድኃኒት ስለማይሰጣቸው እበታቸው ጥንዚዛውን አይመርዘውም፤ ጥንዚዛው ደግሞ እበቱን እየጎተተ ወደ መሬት ያስገባዋል፤ አፈሩ ይለሰልሳል።

ብቻዬን ብሄድ አይበቃኝምን የሚል ይኖራል። አይበቃውም። ኪታብ ያለ ሸኽ የከፈተ ሰው ፊደሉን ያያል እንጂ አይቀራም። ደረሳ ሸኹ ፊት ተቀምጦ «ይህ ሐርፍ ለምን ከስራ ሆነ?» እየተባለ ካልተጠየቀ ገጹን ቢያገላብጠውም የቀለም ጠብታ ብቻ ነው። እሾህ ላያችሁ ሰው እሾህ ነው። መሪው ግን ጎንበስ ብሎ ከመካከሉ የበቀለችውን የኦክ ችግኝ ሲያሳያችሁ ያ እሾህ አንቀጽ ይሆናል። በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ ወደ ሰማይና ወደ ምድር፣ ወደ ግመልና ወደ ተራራ እንድንመለከት ስንታዘዝ የታዘዝነው በዓይን ብቻ እንድናይ እንዳልሆነ ዑለሞቻችን ሁልጊዜ ያስተምሩናል።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ጥያቄው ገና አልተነካም። ማረስ የሚቻለውን መሬት መተው ይፈቀዳልን?

በፊቅህ ኪታቦቻችን ውስጥ «ኢሕያኡል መዋት» የሚባል ምዕራፍ አለ፤ የሞተን መሬት ሕያው ማድረግ ማለት ነው። ባለቤት የሌለውን ጠፍ መሬት ያለማ ሰው መሬቱ የእርሱ እንደሚሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደንግገዋል። ድንጋይ ከቦ «የእኔ ነው» ማለት ግን ባለቤት አያደርግም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ድንጋይ ከቦ ሦስት ዓመት ያላለማ ሰው መብቱን እንዲያጣ አድርገዋል። ከዚህም የበለጠ አለ። ቢላል ኢብኑል ሓሪስ (ሙአዚኑ ቢላል አይደሉም፣ ሌላ ሶሓባ ናቸው) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐቂቅ የሚባለውን ሰፊ ሸለቆ ተሰጥቷቸው ነበር። ዑመር ግን፣ ማልማት የሚችሉትን ያህል አስቀርተው የተረፈውን ለሚያለማው ሰው እንዲለቁ አደረጓቸው። ከነቢዩ እጅ የተሰጠ መሬት እንኳ ያለ ሥራ መቀመጥ አልተፈቀደለትም። ይህን ያነበበ ሰው የኔፕን ባለርስት ዑመር ፊት ቢያቆመው ፍርዱ የታወቀ ይመስለዋል።

እኔ ግን የታወቀ አይመስለኝም። በእኛ ቋንቋ ጠፍ እና እዳሪ አንድ አይደሉም። ጠፍ ማንም የማይጠቀምበት፣ ሰውም ከብትም የሸሸው ነው። እዳሪ ግን ገበሬው አውቆ ያሳረፈው ነው። ላዩን ሲታዩ ሁለቱም ሣርና አረም ናቸው። ልዩነቱ ከላይ አይታይም፤ በታችና በባለቤቱ ልብ ነው። ፉቀሃዎቹም ሞት ያሉት ጥቅም መታጣቱን እንጂ ማረሻ አለመግባቱን ብቻ አይደለም፤ የመንደር ከብት የሚግጥበትና እንጨት የሚለቀምበት መሬት ሳይታረስም ሕያው ተብሎ ይቆጠራል። እንግዲህ እንጠይቅ፦ ኔፕ የሞተው መቼ ነው? በየዓመቱ መርዝ እየተረጨ፣ አፈሩ እየደነደነ፣ ወፍ የማይጮህበት ሆኖ፣ ለባለቤቱም ዕዳ ሲያመርት በነበረበት ጊዜ ሕያው ነበርን? ዛሬስ ሥጋ የሚሸጥበት፣ ሰው ተቀጥሮ የሚሠራበት፣ ጎርፍን እንደ ስፖንጅ የሚይዝ፣ ዋኖስ የሚራባበት ሆኖ ሙት ነውን? ማረሻ ሲሄድ ማየት የለመደ ዓይን በዚህ ይሸወዳል። ይህን ስል ፈትዋ መስጠቴ አይደለም፤ የመድረሳ መምህር እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም። ወላሁ አዕለም።

ሆኖም ለዚህ መልስ ወሰን ልናበጅለት ይገባል፤ አለበለዚያ ለባለጸጋ ሁሉ ሰበብ ይሆናል። ብሪታንያ ከምትበላው ምግብ በግምት 60 በመቶውን ብቻ ነው ራሷ የምታመርተው። የቀረውን ከውጭ ትገዛለች። አንድ እንግሊዛዊ 35 ጋሻውን ሲያሳርፍ፣ በዚያ ፈንታ እህሉ ከሌላ አገር ይመጣል፤ ያ አገር እህሉን ለማብቀል ጫካ መንጥሮ ከሆነ በኔፕ የተረፈችው ወፍ በሌላ ቦታ የሞተች ወፍ ዋጋ ናት። ኢዛቤላ ትሪና ሐሳቧን የሚደግፉ ሰዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ፣ አገሪቱ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ቶን ገደማ ምግብ ትጥላለችና እጥረቱ የመሬት አይደለም የሚል ነው። ይህ መልስ ኢስራፍን ለምናወግዝ ለእኛ በጣም ይዋጥልናል። ግን ግማሽ መልስ ነው። ምግብ የሚጥለው አንዱ፣ መሬት የሚያሳርፈው ሌላው ነው፤ የጎረቤቴ ጥፋት ለእኔ ፈቃድ አይሆነኝም። እኔን የሚያሳምነኝ የአፈሩ ነገር ነው። ያ መረሬ ድሮም ቢሆን ዳቦ ለመስጠት አልተፈጠረም። ለም በሆነው የስንዴ ሜዳ ላይ ይህንኑ የሚያደርግ ቢነሳ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኜ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ሁለት ጥማድ መሬት ይዞ ስድስት ልጅ የሚያሳድገውን የእኛን ገበሬ ደግሞ «ለወፍ ተውለት» የሚል ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ ራሱ ምሳውን ይተውና ይምጣ እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደ ሆኖ የሚታየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እርሱም አጥሩ ነው።

ወደ ዱር መመለስ የሚለው ቃል ሲሰማ ያምራል። ሆኖም በኔፕ ዙሪያ አጥር አለ፣ ከውስጡም ተኩላ የለም። ከብት፣ ፈረስና አጋዘን ሳይከለከሉ ይራባሉ፤ ሣሩ ግን አይራባም። ከጊዜ በኋላ ምን ይሆናል? ይህን በሆላንድ አይተውታል። ኦስትቫርደርስፕላሰን በሚባል፣ ከባሕር በተነጠቀ መሬት ላይ ከብት፣ ፈረስና አጋዘን አጥረው ለተፈጥሮ ሕግ ተዉአቸው። እንዲያውም የኔፕ ሰዎች ሐሳቡን ያገኙት እዚያ ከሠራው ፍራንስ ቬራ ከተባለ ሊቅ ነበር። በ2017 እና በ2018 መካከል የነበረው ብርድ ሲጸና ከ3,000 በላይ እንስሳት አለቁ፤ ከመካከላቸው አብዛኞቹ በረኃብ ተሠቃይተው ከሚሞቱ ተብሎ በጠባቂዎች ጥይት የተገደሉ ናቸው። ሕዝቡ ተቆጥቶ በአጥሩ ላይ ድርቆሽ ወረወረ። በዚያው ዓመት የእንስሳቱ ቁጥር እንዲቀነስ ተወሰነ።

አንዳንዶች «ተፈጥሮ እንዲህ ናት፤ በዱርስ በረኃብ ይሞቱ የለምን?» ብለው ተከራከሩ። እዚህ ላይ እያንዳንዱ የመድረሳ ልጅ የሚያውቀው የድመቷ ሐዲስ ይመልስላቸዋል። ያቺ ሴት የተቀጣችው ድመት ስላልመገበች አልነበረም፤ በመንገድ የምታልፍ ድመትን ሁሉ የመመገብ ግዴታ ማንም የለበትም። የተቀጣችው ራሷ አላበላቻት፣ ከምድር ተውሳክ ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ጥፋቱ ያለው በመታሰሩና ባለመመገቡ መካከል ነው። በሜዳ ያለ አጋዘን ሲርበው ወደ ሌላ ሜዳ ይሄዳል፤ ሪዝቁ በአላህ ነው። አጥር ውስጥ ያለው አጋዘን ሪዝቁ አሁንም በአላህ ነው፣ መንገዱን የዘጋው ግን ሰው ነውና ሰውየው ተጠያቂ ነው። አምስት ሺህ ሄክታር የሆነ አጥርም አጥር ነው። ሰፊ ስለሆነ ገመድነቱ አይቀርም።

የኔፕ ሰዎች ይህን የተረዱት ይመስለኛል። በየዓመቱ እንስሳቱን እየቆጠሩ ሣሩ በብርዱ ወራት ሊያሻግር ከሚችለው በላይ የሆኑትን ይቀንሳሉ፤ ሥጋውንም ይሸጣሉ። አስጎብኚው ይህንን ለጎብኚው ሳይደብቅ መናገር አለበት። አጋዘኑን አይቶ «ነፃነት እንዲህ ነው» ብሎ የሚመለስ ሰው ግማሹን ብቻ አይቶ ነው የሄደው። ነፃ የሆኑት ወፎቹ ብቻ ናቸው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ዐሳማው አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ስሙ ሲነሣ ፊቱን ያጨማደደ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። በኔፕ ዐሳማው አፈሩን በአፍንጫው ይገለብጣል፤ በተገለበጠው አፈር ላይ ዘራቸው ለዋኖስ ምግብ የሚሆን አረሞች ይበቅላሉ። ሥጋው ሐራም ነው፤ በዚህ ወዲያና ወዲህ የለም። ነገር ግን ልጆቻችን «ሐራም» የሚለውን ቃል «በከንቱ የተፈጠረ» ከሚለው ጋር ሲያቀላቅሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እንዳንበላው ተከለከልን እንጂ ያለ ሥራ ተፈጠረ አልተባልንም። ደግሞም ልጅ በድንጋይ እንዲያባርረው ማን አዘዘ?

የመጨረሻው ጥያቄ የገንዘቡ ነው። እስልምና ከመምጣቱ በፊት በዐረብ ምድር የጎሣ ኃያላን አንድ ልማድ ነበራቸው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውሻ ያስጮሁና ድምፁ እስከተሰማበት ድረስ ያለውን ግጦሽ «ሒማ ነው» ብለው ለራሳቸው ይከልሉት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አስቀሩት። ሒማ ለግለሰብ መሆኑ ቀርቶ ለሕዝብ ጥቅም ብቻ ሆነ፤ በመዲና አቅራቢያ ነቂዕ የተባለውን ሜዳ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉ። ዑመርም (ረ.ዐ) በኋላ ረበዛን ሲከልሉ ሁነይ ለተባለው ጠባቂ የሰጡት ትእዛዝ በቡኻሪ ተዘግቧል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን ከብት ግን እንዲከለክል አዘዙት። ሁለቱ ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት እርሻና ተምር አላቸው፤ ድሃው ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ኸሊፋው ደጅ መቆሙ ነው። ስማቸው የተጠራው ሁለቱ ሰዎች ከታላላቆቹ ሶሓቦች መሆናቸውን ልብ በሉ። ዑመር በእነርሱ ላይ ክፉ ነገር አላሰቡም፤ በሩ ለማን መሠራቱን ማወቃቸው ነው።

ኔፕ የግል ርስት ነው፤ በጋራ ግጦሽ ላይ ውሻ አስጩሆ የያዘው አይደለም። ገንዘብ ማስከፈሉንም አልነቅፍም፤ መሪው ደመወዝ ያስፈልገዋል፣ ላምን መሸጥ ያቆመ ሰውም መኖር አለበት። ነገር ግን ርስቱ ለረጅም ዘመን ከመንግሥት ድጎማ፣ ማለትም ከሕዝብ ቀረጥ፣ ተጠቅሟል። እንዲህ ከሆነ ዑመር ያሰቧቸው ባለ ጥቂት በጎች በኔፕ በር ላይ እነማን ናቸው? በእኔ አስተያየት በከተማ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሚያድጉ፣ ዋኖስ ጮሃ የማያውቁ ልጆች ናቸው። በ1995 ዳንኤል ፖሊ የተባለ የዓሣ ሊቅ ስለ አንድ በሽታ ጽፎ ነበር፤ የአካል በሽታ አይደለም። እያንዳንዱ ትውልድ በልጅነቱ ያየውን እንደ ሙሉ ይቆጥረዋል አለ። አያት መቶ ወፍ አይቶ ሃምሳ ሲቀር ያዝናል፤ ልጁ በሃምሳው ጀምሮ ሃያ ሲቀር ያዝናል፤ የልጅ ልጁ ሃያውን ሙሉ ብሎ ይጀምራል። ማንም ሳያለቅስ መቶው ያልቃል። ኒዕማን መካድ በአፍ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ኒዕማው መኖሩን ሳያውቅ የሚያድግ ልጅ ግን ምን ብሎ ያመሰግናል? ከሁሉ በፊት ሊገባ የሚገባው እርሱ ነው፤ ከፋዩም እርሱ ሊሆን አይችልም።

ደግነቱ በዚያ አገር አንድ መልካም ሕግ አለ። መሬቱ የግል ቢሆንም ከጥንት ጀምሮ ሕዝብ ሲመላለስባቸው የኖሩ የእግር መንገዶች አይዘጉም። በኔፕም ውስጥ እነዚህ መንገዶች አሉ፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይሄድባቸዋል። መሪ የላቸውም። ስለዚህ በለንደንና በአካባቢው የምትኖሩ አንባቢዎቻችን፣ የመሪውን ዋጋ ብትችሉ አንድ ጊዜ ከመሪ ጋር ሄዳችሁ ተማሩ፤ ከዚያ በኋላ የራሳችሁንና የጎረቤታችሁን ልጆች በነፃው መንገድ እናንተው ምሩ። ጸደይ ሲጋመስ ከመግሪብ በኋላ ዐንደሊብ ታዜማለች። ቦት ጫማ አድርጉ፤ ጭቃው እንደነገርኳችሁ ነው። ልጆቹ እንዳይጮሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከመንገዱ አትውጡ፤ ጥጃ ከያዘች ላም ራቁ። እበት ስታገኙም ደረቅ እንጨት ፈልጉና ገልብጡት።